አኗኗሩ ለየት ያለ የውጭ ሀገር የእንግሊዝኛ መምህር ደሴና ኮምቦልቻን እንዲለምድ እንዴት እንርዳው?

ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ የውጭ ሀገር መምህር አይተው የማያውቁ ከተሞች አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ከገቡ ወዲህ፣ እንግሊዝኛን ከ«ፒስኮር» ተምሬአለሁ የሚል የደሴ አዛውንት ዛሬም ማግኘት አይከብድም። የሚመጣው እንግዳ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሥጋና ወተት የማይቀምስ፣ በአርባ ዓመቱ ሳያገባ ብቻውን መኖርን የመረጠ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ የተነቀሰ፣ ጸጉሩን ድሬድ ያደረገ፣ ሃይማኖት የለኝም የሚል ወይም ውሻውን ከራሱ ጋር የሚያስተኛ ሰው ሲመጣ ትምህርት ቤቱም ሰፈሩም ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን እንግዳ እንዲቀበሉ ለተመደቡ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለባልደረባ መምህራንና ለቤት አከራዮች ነው። እንግዶችን ተቀብዬ ሳለማምድ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ የወሎ ሰው አስቀድሞ የተነገረውን ያልተለመደ ጠባይ ቶሎ እንደሚለምድና ያልተነገረውን ደግሞ በራሱ ግምት እንደሚሞላው ነው። ስለዚህ ከታች የተዘረዘረው ሥራ አብዛኛው ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ጊዜ ለትክክለኛው ሰው መንገር ነው።

1. ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁት

ቅጥሩ እንደተረጋገጠ፣ እንግዳው ሻንጣውን ሳያሰናዳ፣ በኢሜይል ወይም በዋትስአፕ አጭር መልእክት ይላኩለት። የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የማይበላውና የማይጠጣው ምንድን ነው? ብቻውን መኖር ይፈልጋል ወይስ ከቤተሰብ ጋር? ይዞት የሚመጣ እንስሳ አለ? ጠዋት ወይም ማታ የማይተወው ልማድ፣ ለምሳሌ ሩጫ ወይም ዮጋ፣ አለው? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የመጨረሻው ነው፤ ስለ እሱ ለሌላ ሰው እንዲነገር የሚፈቅደውና የማይፈቅደው የትኛው ነው? ይህን ሳይጠይቁ ስለ ሰው ኑሮ ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ማውራት፣ ሐሳቡ በጎ ቢሆንም ሐሜት ነው።

የሚጠየቀው ሰው ነገሩን እንደ ምርመራ እንዳያየው ምክንያቱን አብረው ይጻፉለት። «ቤት የምፈልግልህና ምሳ የምትበላበትን ቦታ የማሳይህ እኔ ስለሆንኩ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

በዚሁ መልእክት ስለ አየሩም ይንገሩት። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ብርዳማና ጭጋጋም ከተማ ስትሆን፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ግን 1850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሞቅ ትላለች። ከ2000 ሜትር በታች የወባ ስጋት ስላለ ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው አጎበር ያስፈልገዋል፤ ደሴ የሚኖር ደግሞ ወፍራም ብርድ ልብስ። ወረቀቱን በሚመለከት የሥራ ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንደሚገኝ ለቀጣሪው አስተዳደር ቀድመው ያስታውሱ። እንግዳው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ከያዘ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም።

2. ቤቱን ከአከራዩ ጋር ሆነው ይምረጡ

አብዛኛው የችግር ምንጭ ግቢ ነው። ብቻውን ቪላ የሚከራይ መምህር ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚያርፈው አከራዮቹ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ላይ ነው። በዚያ ግቢ ማን እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ምን ዓይነት ጫማ በሩ ላይ እንደተቀመጠ ሁሉም ያያል። የምናየው ለክፋት አይደለም፤ ተከራይ ቢታመም ወይም ቢሰወር ተጠያቂው አከራዩ ስለሆነ ነው። ለብቻ መሆንን እንደ መብት ይዞ ላደገ ሰው ግን ይህ እንደ ስለላ ይሰማዋል። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን፣ ለየብቻ፣ አስቀድመው ያስረዱ።

ለአከራይዋ ሲነግሩ በነገር ዙሪያ አይሽከርከሩ። «እትዬ፣ እንግዳው ቅዳሜና እሑድ በሩን ዘግቶ ብቻውን መቀመጥ ይወዳል፤ ታሞ ወይም ተከፍቶ አይደለም፤ ቡና ሲፈላ ጥሩት፣ ካልመጣ ግን አይቀየሙት» ብለው ይንገሯቸው። ይህ አንድ ንግግር ብዙ የበር ማንኳኳትን ያስቀራል። በእንግዳው በኩል ደግሞ፣ ከሦስት ጥሪ አንዱን እንኳ መቀበል እንዳለበት፣ ሲወጣና ሲገባም ግቢ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይል ማለፍ እንደ ንቀት እንደሚቆጠር ይንገሩት።

በግልጽ መስማማት የሚገባባቸው ነገሮች አሉ። የውጭው በር ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ቁልፍ ይሰጠዋል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በርሜሉን ማን ይሞላል? ተቃራኒ ፆታ እንግዳ ቤቱ መጥቶ ይቀመጣል ወይ? ለሴት መምህርት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከማንም በላይ ይከብዳል፤ ወንድ ባልደረባ ወረቀት ሊያደርስ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ወሬው ከእሱ በፊት ከግቢው ይወጣል። በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ወይም በረንዳ ላይ መቀመጥ የተለመደው መውጫ ነው። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ የሚሠራ ግን እሱ ነው።

ስለ ውሻ ደግሞ ለየብቻ መነጋገር ያሻል። በእኛ ሀገር ውሻ የሚያድረው ውጭ፣ ለጥበቃ ነው። በሙስሊም ጎረቤት ዘንድ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ለሶላት ንጹሕ አይደለም፤ በክርስቲያኑም ቤት ቢሆን አልጋ ላይ የሚተኛ ውሻ ያየ ሰው ከዚያ ቤት ምግብ ለመቅመስ ያመነታል። ውሻ ያለው እንግዳ ለብቻው የታጠረ ቤት ይፈለግለት፤ በጋራ ግቢ ውስጥ ውሻውን ደብቆ ለማኖር መሞከር የትም አያደርስም።

የተስማማችሁበትን የኪራይ ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ሁለቱም ይፈርሙበት።

3. ምግቡን በእውነት ያስረዱ

ሥጋ፣ ወተትና ዕንቁላል የማይበላ ሰው ሲመጣ ሁላችንም ወዲያው የምንመክረው «ጾም ነኝ በል» የሚል ነው። ምክሩ ለአንድ ሳምንት ይሠራል። ከዚያ በኋላ ዐቢይ ጾም 55 ቀኑን ጨርሶ ፋሲካ ሲመጣ፣ አከራይዋ የዶሮውን ፈረሰኛ ለእንግዳቸው ያወጣሉ፤ ያን ጊዜ ጾመኛው ሰው ምን ሊል ነው? በሙስሊም ቤትም ጾም ማለት እስከ አፍጥር ነው፤ ማታ ላይ ሳንቡሳው በሥጋ ተሞልቶ ይቀርብለታል። ከዚህም በላይ የማይጾመውን ሰው ጾመኛ ማለት በሌላው እምነት መነገድ ይሆናል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው «ሥጋም ወተትም አልበላም፤ በዓልም ቢሆን አልበላም፤ ከተውኩት ቆይቻለሁ» ይበል። አማርኛውን እርስዎ ያስጠኑት፤ በራሱ አፍ ሲናገረው ክርክሩ ያጥራል።

ወሎ ላይ ይህ አመጋገብ ያልታሰበ ጥቅም አለው። እኛ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለይተን የምንበላ ሰዎች ሠርግ ቤት ስንሄድ የትኛው ድንኳን እንደምንገባ እንጠይቃለን፤ አትክልት ብቻ የሚበላው እንግዳ ግን የትኛውም ማዕድ ላይ ያለ ስጋት ይቀመጣል። ይህን ሲገልጹላቸው ብዙ ሰዎች ስቀው ነገሩን ይቀበላሉ።

ምግብ ቤት ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት፣ በየቤቱ በያይነቱ አለ። በሌላው ቀን «ሽሮ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ቅቤ ጣል ተደርጎበት ይመጣል። «ሽሮ በዘይት፣ ቅቤ ሳይነካው» ተብሎ ይነገር። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ስለሆነ ለዚህ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ወቅት እሱ ነው፤ ምስር፣ ሽሮ ዱቄትና በርበሬ ገዝቶ ቤቱ መሥራት እንዲችል ከወዲሁ አንድ ሰው ያለማምደው። ሰኞ ገበያ ይዘውት ቢሄዱና አንድ ጊዜ አብረው ቢሸምቱ ዋጋውንም የባለሱቁንም ፊት ይለምዳል።

ጉርሻ የሚያስፈራው እንግዳም ያጋጥማል። እጅ የነካውን ምግብ ከማይበላ ሰው ጋር ክርክር አይግጠሙ፤ አንዱን ይቀበልና ሁለተኛው ሲመጣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በቃኝ፣ እጅ ይባረክ» ይበል። ቡና የማይጠጣም ቢሆን ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ቆሎ እየቆረጠመ መቀመጥ ይችላል፤ ትልቁ ስሕተት ምርቃቱ ሳይደርስ ብድግ ብሎ መሄድ ነው። አልኮል አለመጠጣት ወሎ ላይ ማብራሪያ እንኳ አያስፈልገውም።

በረመዳን ወቅት ቀን ቀን መንገድ ላይ እየበሉ መሄድ ነውር መሆኑን ከወሩ መግባት በፊት ይንገሩት።

4. ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን አብሮዎት ይቀመጥ

የራስዎን ክፍል እንዲያይ ይጋብዙት። ተማሪዎች መምህር ሲገባ ከመቀመጫቸው ሲነሡ፣ ሲጠሩ «ቲቸር» ሲሉ፣ ሲያስፈልግም ሦስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ሲጽፉ ይመልከት። ሲጠየቁ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው «እ» የሚሉት ድምፅ አዎ ማለት እንደሆነ ካልተነገረው፣ ልጁ የደነገጠ ወይም የታመመ ይመስለዋል። ይህን ሳያውቅ የገባ መምህር የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ «ደኅና ነህ?» እያለ ያሳልፋል።

ስም አጠራርም ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛው ስም የአባት ስም ስለሆነ ሰይድ አሕመድ የተባለውን ተማሪ «ሚስተር አሕመድ» ብሎ መጥራት አባቱን መጥራት ነው። ስሙን አይቶም ሃይማኖቱን አይገምት፤ ወሎ ላይ የልጁና የአባቱ ስም ከሁለት እምነት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ሁለቱም እምነቶች ይኖራሉ።

ንቅሳቱና ጸጉሩ ላይ ሰው የሚፈራውን ያህል ችግር የለም። አንገታቸውንና ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ያሉበት ሀገር ነው፤ ድሬድም ከባሕታዊ ራስ ላይ የምናውቀው ነው። ሆኖም በወንድ ክንድ ላይ ያለ ንቅሳትና በወንድ ጆሮ ላይ ያለ ጉትቻ በወላጆች ዘንድ የዱርዬነት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። የምመክረው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረጅም እጅጌ ሸሚዝና የተተኮሰ ሱሪ መልበስ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ማሰር ነው፤ ወላጆች በልጆቻቸው ደብተር ላይ ሥራውን ካዩ በኋላ እጅጌውን ቢጠቀልል የሚናገረው አይኖርም። ሥራው ገና ሳይታይ «እንደ ራሴ ተቀበሉኝ» ማለት ግን መጀመሪያ ቀን ብድር እንደ መጠየቅ ነው። ሴት መምህርት በበኩሏ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ወይም ሰፋ ያለ ሱሪ ብትለብስ ይበቃታል፤ ጸጉሯን መሸፈን አይጠበቅባትም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ያስጠንቅቁት። የውጭ መምህራን ተማሪን ለማጻፍ የሚወዱት ርዕስ «በሕይወቴ ከባዱ ቀን» የሚል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ በጦርነቱ ተይዘው ነበር፤ እንዲህ ያለው ርዕስ ለብዙዎቹ የጽሑፍ ልምምድ ሆኖ አይቀርም። «አያቴ የነገሩኝ ታሪክ» ወይም «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ» ቢባል እንግሊዝኛውን በዚያው መጠን ያለማምዳል።

ሰዓትን በሚመለከት ሁለት ሰዓት ማለት እነሱ ስምንት የሚሉት መሆኑን በጽሑፍ ይስጡት። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው ጊዜ ለጁምዓ ስለሚለቀቅ ስብሰባም ማካካሻ ትምህርትም አይያዝበት።

5. ለማይቀሩት ጥያቄዎች መልስ አዘጋጁ

«አግብተሃል? ልጅ አለህ? ለምን? ስንት ነው ደመወዝህ? ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» እነዚህ ጥያቄዎች ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይጠየቃሉ። እኛ ሰውን የምናውቀው በዘመዱ ስለሆነ፣ ጠያቂው መቀራረቢያ እየፈለገ ነው። ስላላገባ ሰው «ገና ነኝ» የሚለው መልስ ጨዋታውን በሳቅ ይዘጋዋል፤ «ማግባት አልፈልግም» ግን ለአንድ ሰዓት ምክርና ለሁለት ሦስት የሙሽራ ጥቆማ በር ይከፍታል። ላለማግባት የወሰነ ሰው «ገና ነኝ» ማለት ውሸት ከመሰለው «እንዲህ መኖር ተስማምቶኛል» ይበልና ወዲያው ስለ እናቱ ወይም ስለ እኅቶቹ ያውራ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው መሆኑን መስማት ጠያቂውን ያረጋጋዋል።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ይከብዳል። «አምላክ የለም ብዬ አምናለሁ» የሚለው ንግግር እዚህ ሀገር ሲሰማ ሐሳብ ብቻ አይመስልም፤ ምንም ነገር የማይፈራ፣ ቃሉም የማይታመን ሰው ነኝ እንደ ማለት ይቆጠራል። ይዋሽ አልልም። «ይህን ለራሴ ነው የምይዘው፤ የእናንተን ግን አከብራለሁ» ማለት ይችላል፤ እሱ ይህን ካለ በኋላ ርዕሱን የሚቀይሩት እርስዎ ነዎት። ተማሪዎች ፊት፣ በክርክር ክፍለ ጊዜ እንኳ፣ የእምነትን ጉዳይ ርዕስ እንዳያደርገው ግን አጥብቀው ይንገሩት።

«ፈረንጅ! ፈረንጅ!» የሚለውን የልጆች ጩኸት በተመለከተ፣ ጩኸቱ የሚቀንሰው ስሙ ሲታወቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ አብረው እየሄዱ ለባለሱቁ፣ ለጀበና ቡና ሻጯ፣ ለሊስትሮዎቹና ለባጃጅ ተራ አስከባሪው በስሙ ያስተዋውቁት። ጠዋት የሚሮጥ ከሆነ ከአካባቢው ሯጮች ጋር ያገናኙት፤ ወደ ጦሳም ሆነ ወደ ሌላ ገለል ያለ ቦታ ብቻውን በጨለማ እንዳይወጣ፣ ጅብም እንዳለ ይንገሩት።

6. ለቅሶ ይዘውት ይሂዱ

በዚህ ሁሉ ውስጥ እንግዳን የሰፈር ሰው የሚያደርገው ትልቁ ነገር ለቅሶ መድረስ ነው። ሠርግ ላይ እንግዳ ለፎቶ ይፈለጋል፤ ለቅሶ ላይ ግን የመጣ ሰው ስሙ ይያዛል። ባልደረባ ወይም ጎረቤት ሲሞትበት ጠቆር ያለ ልብስ አልብሰው ይውሰዱት፤ ድንኳኑ ውስጥ ዝም ብሎ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ሲወጣም በክርስቲያን ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ በሙስሊም ቤት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይበል። ሃይማኖት የሌለው ሰው ይህን ለማለት ከከበደው እጅ ነስቶ ቢወጣም ማንም አይታዘበውም። ጸጉሩን ሲያሙ የነበሩ ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ «የኛ ፈረንጅ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

7. ልማድና ሕግን ለይተው ይንገሩ

እስካሁን ያነሣነው ሁሉ በመግባባት የሚፈታ ነው። ሕግ የከለከለው ነገር ግን በመግባባት አይፈታም። ካናቢስ በኢትዮጵያ ወንጀል ነው፤ ጫት በገበያ ሲሸጥ ያየ እንግዳ ሁሉም ዕፅ እንደዚያ እንዳይመስለው። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትም በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ይህ የሚመለከተው ሰው ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ይገባዋል፤ እርስዎም የነገረዎትን ምስጢር ለማንም እንዳያወሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ አይግባ፤ የኮምቦልቻ አየር ማረፊያንና የጸጥታ ኃይሎችን ፎቶ አያንሣ። ከከተማ ወጥቶ ከመጓዙ በፊትም የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ በዚያው ቀን ከሚያውቅ ሰው ጠይቆ ይሂድ።

ወሬ ከተነሣ፣ ለምሳሌ «ልጆቻችንን ሃይማኖት ያስቀይራል» የሚል ነገር ከተሰማ፣ እስኪበርድ አይጠብቁ። በዚያው ሳምንት ከወላጅና መምህራን ኅብረት አንድ ሰው፣ ከሰፈሩም የሚከበሩ አንድ ሽማግሌ ይዘው ተናጋሪው ቤት ይሂዱና ክፍል ገብተው እንዲያዩ ይጋብዟቸው። እንግዳው ራሱ እንዲከራከር አይላኩት፤ በቋንቋው ድካም ምክንያት ብቻ ይሸነፋል።

8. በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ከእንግዳው ጋር ለብቻ ተቀምጠው ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ የቱን ልማድ ለሰው ብሎ ትቶ ተቸገረ? የቱን መልሶ ሊጀምር ይፈልጋል? የኛ የትኛው ልማድ አሁንም ያታክተዋል? አንዳንዱ ብቻውን የመሆኛ ሰዓት አጥቶ እንቅልፍ ያጣል፤ አንዳንዷ ሩጫ ትታ መንፈሷ ይጫጫናታል። ይህን ጊዜ አከራይዋን ዳግም ማነጋገር፣ የቡናውን ጥሪ ከዕለት ወደ እሑድ ማዘዋወር ወይም ለሩጫው ሌላ መንገድ መፈለግ ይቻላል። የኪራይ ውሉም የሚታደስ ከሆነ በዚሁ ንግግር ላይ ይነሣ፤ ቤት መቀየር ካስፈለገ ክረምቱ ሳይገባ፣ የሐምሌ ዝናብ ዕቃ ማጓጓዣውን ሳያበላሸው ቢፈለግ ይሻላል።